ባልጩት ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ እዚሁ አዳማ፣ ቦኩ በኩል ካለው ተዳፋት አንድ ጥቁር ነገር አንስቶ መጣ። «አጎቴ፣ የጠርሙስ ስባሪ ነው?» አለኝ። ተቀብዬ ወደ ፀሐይ አነሳሁት። መሃሉ ድቅድቅ ጥቁር ነው። ጠርዙ ግን ስስ ስለሆነ ጭስ የመሰለ ብርሃን ያሳልፋል። የተሰበረበት ፊት ላይ እንደ ዛጎል ቀለበት ቀለበት የሠራ መስመር አለ። ባልጩት ነው።

ልጁ ብዙም አልተሳሳተም። ፈረንጆቹ ኦብሲዲያን የሚሉት ይህ ድንጋይ በእርግጥም መስታወት ነው፤ የሠራው እሳተ ገሞራ ነው። ሲሊካ የበዛበት ቅልጥ ዓለት ወጥቶ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። እንዳለ ይረጋል። ሲመታ ታዲያ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይወጣል። ልጁን ቀድሜ ያልኩት «ጣትህን እንዳትሞክርበት» ነው።

አማርኛው ሰፋ ይላል። ስለት የሚወጣውን ሌላውንም ድንጋይ ባልጩት እንለዋለን፤ በኦሪት ሲፓራ ልጇን የገረዘችበትም ባልጩት ነው።

የቦታ ስምም አለው። ከአዳማ አዋሽን ሽቅብ ብትከተሉት፣ ቆቃን አልፋችሁ፣ በአዲስ አበባ–ቡታጅራ መንገድ ላይ መልካ ቁንጡሬ ትደርሳላችሁ። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ከዚያ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ባልጪት የሚባል መንደር አለ። መሬቱ በባልጩት ስባሪ የተሞላ ነው። ዓለቱ 4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል።

በ1963 እ.ኤ.አ. ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ መልካ ቁንጡሬ ላይ የድንጋይ መሣሪያዎችን አየ። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን ለብዙ ዓመታት መራ። የጥንት ሰዎች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ እዚያ ባልጩት ይጠርቡ እንደነበር ታወቀ። ከመንደሩ ዓለት ብቻ አልነበረም የሚወስዱት፤ ጅረት ወደ አዋሽ ያወረደውን ድብልብል ባልጩትም ይለቅሙ ነበር። ሁለቱ ቦታዎች በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። «ተገኘ» ሲባል ስሰማ ግን ቅር ይለኛል። መንደሩ እኮ የድንጋዩን ስም ይዞ ነው የጠበቃቸው!

ሥራውም በጥንት ዘመን አላበቃም። በጉራጌና በሀዲያ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች በእኛው ዘመን ባልጩትን እንጨት እጀታ ላይ አጣብቀው ሲፍቁበት ኖረዋል። ሲደነዝዝ ጠርዙን ጠቅ ጠቅ ያደርጉታል። ትንሽ ፍላጭ ይወድቃል፤ ስለቱም ይመለሳል።