ሰሜን ጀርመን ሐይቅ ዳር ስላለ ገጠር የሚወራውና እውነታው

ጀርመን ያለን ሰዎች ለእረፍት ስንወጣ ያው ጣልያን ነው ስፔን ነው፣ ሰሜን ጀርመን ገጠር ሂድ ብትለው "ምን ላደርግ?" የሚልህ ብዙ ነው። እኔ ቦዛውን ላንሳ፣ በሉቤክና በኪል መሀል ትልቁ የፕሎን ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽዬ መንደር ናት። ስለዚህ አይነት ቦታ የሚወራው ግማሹ ልክ አይደለም፣ ግማሹ ደሞ ትንሽ እውነት አለው።

"ሰሜን ጀርመን ዝም ብሎ ሜዳ ነው" ይባላል። በሰሜን ባህር በኩል ያለው አዎ ሜዳ ነው፣ ላምና የንፋስ ተርባይን ብቻ ነው የምታየው። ቦዛው ያለችበት ግን የሆልሽታይን ስዊዘርላንድ የሚሉት አካባቢ ነው፣ ጉብታ፣ ጫካ፣ ሐይቅ፣ ደግሞ ሐይቅ። ስዊዘርላንድ ሲሉህ ግን እንዳትሸወድ፣ ትልቁ ተራራቸው ቡንግስቤርግ 168 ሜትር ነው፣ እንጦጦን የወጣ ሰው ይስቃል። ይሄን ሁሉ የሰራው የበረዶ ዘመን ነው፣ የበረዶ ግግሩ እየገፋ ያመጣው አፈር ጉብታ ሆኖ ቀረ፣ አፈር ውስጥ ተቀብሮ የቀረው በረዶ ደሞ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ጉድጓዱን ውሃ ሞላው፣ ለዛ ነው ሐይቁ አንዳንድ ቦታ ከ50 ሜትር በላይ የሚጠልቀው። ዋና የማይችል ልጅ ያለው ሰው ይቺን ይያዛት፣ ዳሩ ረጋ ብሎ ስላየኸው ሁሉም ቦታ እንደዛ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛው፣ እኔን በጣም የሚገርመኝ፣ "አውሮፓ ከጥንት ጀምሮ ክርስቲያን ነው፣ እዛ ያለውም ከጥንት ጀምሮ ጀርመን ነው" የሚለው ነው። እንደዛ አይደለም። እኛ አክሱም ላይ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተቀበልነውን ሃይማኖት እዚህ አካባቢ የነበሩት ሰዎች እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አልቀበልም ብለው ነበር፣ ሰዎቹም ጀርመኖች ሳይሆኑ ዋግሪ የሚባሉ ስላቮች ናቸው፣ የራሳቸው አማልክት ነበራቸው። ሐይቁ ውስጥ ያለች አንዲት ደሴት ላይ ምሽግ ነበራቸው፣ በ1139 ጎረቤቶቻቸው ሆልሽታይኖች፣ ማለትም ጀርመኖቹ፣ አፈረሱት። ከዛ በኋላ ነው ጳጳሱ ፊሴሊን መጥቶ በ1150ዎቹ መጀመሪያ ቦዛው ላይ የጴጥሮስን ቤተክርስቲያን ያሰራው፣ ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ። ዛሬም እዛው ሐይቁ ዳር ቆሟል፣ በጋ ላይ ኮንሰርት ያደርጉበታል። ከፊሴሊን በኋላ እዛ ቄስ የሆነው ሄልሞልድ ደግሞ የስላቮችን ዜና መዋዕል በላቲን ጻፈ፣ ስለነዚያ ሰዎች ዛሬ የሚታወቀው አብዛኛው ከዚች መንደር ቄስ ብዕር የወጣ ነው፣ ያው የአሸናፊው ወገን ቄስ ስለሆነ እያመዛዘኑ ነው ማንበብ። ይሄን ሳያውቅ ሄዶ ቤተክርስቲያኗን ያየ ሰው "ትንሽ ናት እኮ" ብሎ ይመለሳል።

ሐይቁ ዳር ያለችው የፕሎን ከተማ ቤተመንግስት ከሩቅ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ሙዚየም የሚመስለው ሰውም አለ፣ ከ1633 እስከ 1636 የተሰራ ነው፣ አሁን ግን የመነጽር ባለሙያዎች ማሰልጠኛ ነው፣ ዝም ብለህ ሰተት ብለህ አትገባም፣ በአስጎብኚ ነው።

"ያለ መኪና አይሆንም"። ይሆናል። የሉቤክ ኪል ባቡር ፕሎን ላይ ይቆማል፣ ጣቢያው ራሱ ሐይቁ አጠገብ ነው፣ ዶይችላንድቲኬት የሚሉት የወር ትኬት ያለው ሰው በሪጅናል ባቡር ተጨማሪ ሳይከፍል ይደርሳል። ችግሩ ከዛ ወዲያ ነው፣ የገጠር አውቶቡስ ቅዳሜና እሁድ እምብዛም ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድማችሁ እዩ፣ በጋ ላይ ቦዛው የምትቆም ጀልባ አለች፣ የጀልባው ግን ለብቻው ይከፈላል፣ ሳይክል ያለው ደሞ ከሁላችንም ይሻላል።

"ብርድና ዝናብ ነው" ለሚለው፣ ዝናቡ አለ፣ አልዋሽም፣ ሰኔ ላይም ጃኬት ያዙ። ግን ሰኔ መጨረሻ ጸሐይ የምትጠልቀው በኛ አቆጣጠር ማታ 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ ልጆቹን ማስተኛት ነው የሚያስቸግረው። ታህሳስ ላይ ግን አትሂዱ፣ ቀን 10 ሰዓት ላይ ይጨልማል።

"ሐይቅ ካለ ዓሳ እናጠምዳለን"፣ ኧረ ተው! ፈቃድ ያስፈልጋል። ቦዛው ያለችበት ክልል ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ለእንግዳ የሚሰጠው የ28 ቀን ፈቃድ አለ፣ ከሱ ሌላ ደሞ የሐይቁን ባለመብት ፈቃድ ትገዛለህ። ማሬነ የሚሉትን የሐይቁን ዓሳ ጭሰው የሚሸጡት አሉ፣ እሱን ገዝቶ መብላት ይሻላል።

ውድ ነው የሚለው እንደ አያያዝህ ነው። ሆቴል ከሆነ አዎ ይነካል፣ ለቤተሰብ ግን ፌሪንቮኑንግ የሚሉትን የእረፍት ቤት ኩሽና ያለውን መከራየት ነው፣ እንጀራህን ይዘህ ሄደህ ወጡን እዛው ትሰራለህ። ስትከራይ የመጨረሻ ጽዳትና አንሶላ ለብቻ የሚያስከፍሉ ስላሉ ዋጋውን እስከታች አንብበው፣ ብዙ ቦታ ኩርታክስ የሚሉት የእንግዳ ግብርም በሰው በቀን ይጨመርበታል። አስቤዛህን ቅዳሜ ጨርስ፣ እሁድ ገጠር ውስጥ ሱቅ ከመፈለግ ዳቦ ቤቱ ክፍት ከሆነ እሱን ማመስገን ነው፣ ትንሽ ካሽም ኪስህ ይኑር፣ ካርድ የማይቀበል ካፌ አሁንም አለ።