ከወሊድ በኋላ የሚዋጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ፦ በደሴና በኮምቦልቻ

በደሴና በኮምቦልቻ «ፒልስ» ሲባል አንድ መድኃኒት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በአንድ ስም የሚጠሩት ግን ሁለት ናቸው፤ ለወለደች ሴት ልዩነታቸው ትልቅ ነው። አንደኛው ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን የያዘው ጥምር ክኒን ነው። በስፋት የሚታደለው 28 ፍሬ ሲሆን 21ዱ ሆርሞን፣ የመጨረሻዎቹ 7 ብረት ናቸው። ሁለተኛው ፕሮጀስቲን ብቻ ያለበት፣ ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው ነው። ከነዚህ አንዱ የሆነው ማይክሮሉት 35 ፍሬ ይይዛል፤ በእያንዳንዱ ፍሬ 0.03 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ፕሮጀስቲን አለ። የትኛው ለማን እንደሚሰጥ የሚታወቀው ከወለደች ስንት ቀን እንደሆናትና ልጁ ምን እንደሚመገብ ሲጠየቅ ነው።

ቀኑ የሚቆጠረው በደም መርጋት ምክንያት ነው። በእርግዝና ጊዜ ደም ከወትሮው ይልቅ ቶሎ ይረጋል፤ በወሊድ ሰዓት ብዙ እንዳይፈስ የሚያግዝ ነው። ይህ ጠባይ ልጁ እንደተወለደ አይጠፋም። የመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ከሁሉም የሚያሰጉ ናቸው፤ ወደ ቀድሞው የሚመለሰው በ6 ሳምንት ገደማ ነው። በዚህ ላይ ኤስትሮጅን ሲጨመር በእግር የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የማታጠባ እናት ጥምር ክኒን ከ21 ቀን በፊት አትጀምርም። በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት ወይም ደም የተሰጣት፣ በእርግዝናዋ የደም ግፊት የነበረባት ወይም ከመጠን በላይ የወፈረች ከሆነች 6 ሳምንት ትጠብቃለች። የምታጠባ እናት ከ6 ሳምንት በፊት ጥምሩን ፈጽሞ አትወስድም፤ እስከ 6 ወርም አይመከርም፤ ኤስትሮጅን ወተት ሊቀንስ ይችላልና። ፕሮጀስቲን ብቻ ያለው ክኒን ወተት አይቀንስም፤ በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛም ለምታጠባም ለማታጠባም እናት ገና በአራስነት ሊጀመር ይችላል።

በከተማው ልማድ 6 ሳምንት ማለት የ45 ቀኑ ክትባት ነው። ሙስሊሞቹ የኒፋሱን (የአራስነቱን) 40 ቀን ጨርሰዋል፤ ክርስቲያኖቹ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ያስጠምቃሉ። ሴት ልጅ የወለደች እናት ጉዳዩን ከክርስትናው በኋላ አየዋለሁ ካለች ዘገየች፤ የማታጠባ ሴት ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ የወር አበባ ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። የወር አበባ መምጣትን እንደ ማስጠንቀቂያ መጠበቅ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው፤ እንቁላሉ ከደሙ ይቀድማል።

ልጁ ክትባት ሲወስድ እናቲቱም የደም ግፊቷን ታስለካ። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጥምሩ አይሰጣትም፤ ጫት ቅማ ከመጣች ግን ልኬቱ ከፍ ሊል ስለሚችል ደግሞ መለካት ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በነጻ ነው፤ ደሴ ውስጥ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ክሊኒክም አለ። ከፋርማሲ የምትገዛ ሴት በመስኮቱ «ፒልስ ስጡኝ» ብቻ ብላ እንዳትመለስ። ከወለደች ስንት ቀን እንደሆናት፣ ማጥባቷንና ግፊቷን ሳትጠየቅም ትናገር። ባልን ወይም እህትን መላክ የተለመደ ነው፤ እነሱም ይህንኑ በወረቀት ይዘው ይሂዱ።

ማጥባት ብቻውን ከ98 በመቶ በላይ የሚከላከልበት ጊዜ አለ። የወር አበባ አልመጣም፣ ልጁ ከጡት ሌላ አይቀምስም፣ 6 ወርም አልሞላውም፤ ሦስቱም አብረው መሟላት አለባቸው። ሆዱን ነፋው ተብሎ የአብሽ ውሃ ወይም ስኳር በውሃ ሲሰጠው፣ ወይም በሁለት ጥቢ መካከል ቀን ከ4፣ ሌሊት ከ6 ሰዓት በላይ ሲያልፍ መተማመኛው ይላላል። በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አካባቢ ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው 6 ወር ሳይሞላ ነው። አሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ስለሆነ እናቲቱ ወደ ፈረቃዋ ስትመለስ ልጁ ጡጦ ይጀምራል። ክኒኑ ታዲያ ሥራ ከመጀመሯ በፊት መጀመር አለበት።

አወሳሰዱ ላይ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ማይክሮሉትን የመሰለው ክኒን ከ3 ሰዓት በላይ መዘግየት አይወድም፤ ጥምሩ ግን በሰዓታት መዛባት ብዙ አይጎዳም። ለአብዛኛው ቤት የሚስማማው ማታ 2 ሰዓት ነው። የቴሌቪዥን ዜና ሲጀምር ወይም ከኢሻ ሶላት በኋላ መዋጥ ቀላል ማስታወሻ ነው፤ ብትረሳ እስከ 5 ሰዓት ጊዜ አላት። ማታ የምትውጥ ሴት ረመዳን ሲገባም ሆነ በዐቢይ ጾም ሰዓቷን መቀየር አያስፈልጋትም። ጠዋት የለመደች ግን ረመዳን ሲመጣ ወደ ማፍጠሪያ ልታዘዋውረው ትፈልጋለች። ጾሙ ሳይገባ በዋዜማው፣ የጠዋቱን ከዋጠች በኋላ የሚቀጥለውን በዚያው ዕለት ማታ ወስዳ ከዚያ በማታው መቀጠል ነው፤ እስከ ነገ ማታ ካቆየችው 36 ሰዓት ይሆናል። ቡና ሲፈላ እወስዳለሁ ማለት ጥሩ ይመስላል፤ የወሎ ቡና ግን ሰዓት አያውቅም። ፈረቃዋ የሚዞር ሠራተኛ ክኒኑን ከቤት ትታ እንዳትሄድ በቦርሳዋ ትያዝ፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ስለሚሞቅ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ግን አታስቀምጠው።

ከ3 ሰዓት ካሳለፈች እንዳስታወሰች ወዲያው ትውጥ፣ ቀጣዩንም በመደበኛ ሰዓቱ፤ በአንድ ቀን ሁለት መሆኑ አይጎዳም። የወር አበባዋ ተመልሶ ከሆነ ለ2 ቀን ኮንዶም ትጠቀም። በጥምሩ 1 ወይም 2 ፍሬ የረሳች እንዳስታወሰች አንዱን ውጣ ትቀጥላለች። 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አንዱን ወዲያው ውጣ በቀን አንድ አንድ ትቀጥላለች፣ ለ7 ቀንም ኮንዶም ያስፈልጋታል። ይህ በ3ኛው ሳምንት ከደረሰ ሆርሞኑ ሲያልቅ ብረቱን ዘልላ አዲስ ማሸጊያ ትጀምር። በዋጠች 2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ሌላ ትውሰድ።

በተደጋጋሚ የሚታየው ስሕተት ቀድሞ ጥምሩን የለመደች እናት ላይ ነው። 35 ፍሬውን ስታይ የመጨረሻዎቹን 7 ብረት መስለዋት ትተዋቸዋለች፣ ወይም ሲያልቅ «ደሙ ይምጣ» ብላ አንድ ሳምንት ታርፋለች። በዚህ ማሸጊያ ሁሉም ፍሬ መድኃኒት ነው፤ ዛሬ 35ኛውን የዋጠች ነገ የአዲሱን 1ኛ ትውጣለች።

ጠብታ ደም፣ መዛባት ወይም ጭራሽ አለመምጣት በዚህ ክኒን የተለመደ ነው። «ደሜ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ» የሚለው ስጋት ሴቶችን በሁለተኛው ወር ያስቆማቸዋል፤ የሚጠራቀም ደም ግን የለም፣ የማሕፀኑ ሽፋን ስለሳሳ ነው። ልጅ ስትፈልግ ካቆመችው እርግዝና ሳይዘገይ ሊመጣ ይችላል።

ከሌሎች መድኃኒቶች የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲንና እንደ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን፣ ፌኖባርቢታል ያሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የክኒኑን ኃይል ያዳክማሉ። እነዚህን የምትወስድ ሴት መርፌ ወይም በማሕፀን የሚቀመጠው ሉፕ ይሻላታል። አሞክሲሲሊንን የመሳሰሉ የተለመዱ ፀረ ተሕዋስያን ግን አያበላሹትም።

በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለችው ደሴ የአራስ እግር ሲያም «ብርድ መታኝ» ተብሎ በቅቤ ይታሻል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባቱ ከሞቀና ሲነካ ካመመ ግን ማሸት አይገባም፤ የረጋውን ሊነቅለው ይችላል። ከዚህ ሌላ ድንገተኛ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የአንድ ጎን መዛል ከታየ ክኒኑን አቁሞ ወደ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወደሚገኝ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ ለነገ አይባልም።

ልጁ 6 ወር ሞልቶት ምግብ ሲጀምር ማጥባቱ ይሰጥ የነበረው ተጨማሪ መከላከያ ይቀንሳል። ግፊቷ ደህና የሆነ እናት ያኔ ወደ ጥምሩ ብታልፍ ዕረፍት ሳታደርግ በማግሥቱ ትጀምራለች። ሒሳቡም ያኔ ይለወጣል፤ 3 ማሸጊያ ማይክሮሉት 105 ቀን ሲያቆያት፣ 3 ማሸጊያ ጥምር ግን 84 ቀን ብቻ ነው። «ለሦስት ወር» ተብሎ ከተሰጣት ቀጠሮዋ 6 ቀን ሲቀረው ያልቅባታል።