ኒውማቶሲስ ኢንተስቲናሊስ ምንድን ነው?

«በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ጋዝ ከታየ አንጀቱ ሞቷል፤ ሆድ መከፈት አለበት።» ይህን በልበ ሙሉነት የሚናገር ሰው ዛሬም አይጠፋም። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ የሚታየው ይህ ጋዝ፣ ማለትም ኒውማቶሲስ፣ ግን ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ጋዙ ያለው ምግብ በሚያልፍበት ቦታ ሳይሆን በራሱ በግድግዳው ንብርብሮች መካከል ነው፤ ስለዚህ ከተራ የሆድ መነፋት ጋር አንድ አይደለም።

ቀለሙ ያበጠ የቤት ግድግዳ አስቡ። እብጠቱ ያው እብጠት ነው፤ ውኃው ግን ከፈነዳ ቧንቧ፣ ከመሠረቱ እርጥበት፣ ወይም ከሩቅ ጣሪያ ወራጁን ተከትሎ የወረደ ሊሆን ይችላል። አንጀት ሲዘጋ ወይም በኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ቱቦ በማየት ምርመራ) ሲነፋ ጋዙ በተላጠ የውስጥ ሽፋን በኩል ይሾልካል። ጋዝ የሚፈጥሩ ባክቴሪያዎችም አሉ። አስም ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ባለበት ሰው ደግሞ ከሳንባ ያመለጠ አየር የደም ሥሮችን ተከትሎ አንጀት ይደርሳል የሚል ማብራሪያ አለ፤ ወራጁ ይህ ነው። ስቴሮይድ፣ ኬሞቴራፒና የስኳር መድኃኒቱ አካርቦስም ይጠረጠራሉ። የፈነዳው ቧንቧ የአንጀት ደም መቋረጥ ነው፤ ግድግዳ የሚፈርሰውም ለእሱ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? የሲቲ ምስሉን ከበሽተኛው ሁኔታ ጋር በማየት። ሆዱ ለስላሳ፣ የደም ግፊቱ ደህና፣ ላክቴቱም (ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው በደም ውስጥ የሚጨምረው ንጥረ ነገር) ከ2 ሚሊሞል በሊትር በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ እየተከታተሉ መጠበቅ ይቻላል። (የደም መቋረጥ ገና ሲጀምር ላክቴት ደህና ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን ብቻ አትመኑ።) ሆዱ ከጠነከረ፣ ግድግዳው ኮንትራስት (ለምስሉ በደም ሥር የሚሰጥ ማድመቂያ) ካልተቀበለ፣ ከአንጀት ደም ወደ ጉበት በሚያደርሱት የፖርታል ደም ሥሮች ውስጥም ጋዝ ካለ ቀዶ ሐኪም አሁኑኑ ይጠራ። ክብ ክብ አረፋ ወደ ቀላሉ፣ መስመር የሠራ ጋዝ ወደ ከባዱ ያዘነብላል፤ ብቻውን ግን አይፈርድም።

«ሆድ ዕቃ ውስጥ የተበተነ አየርስ?» ይሉኛል። ከአንጀቱ ውጨኛ ሽፋን ሥር ያለ የጋዝ ከረጢት ሲፈነዳ አንጀቱ ሳይበሳ አየር ይበተናል።

ሲቲውን በሳንባ ዊንዶው (ለሳንባ በተመረጠ የብርሃንና የጥላ ማስተካከያ) ማየት አይዘንጋ፤ በሆድ ዊንዶው ስብና ጋዝ ሁለቱም ጠቁረው ይምታታሉ። በሲከም (በትልቁ አንጀት መጀመሪያ) ውስጥ በሰገራና በግድግዳው መካከል የታሰረ አየርም ያሳስታል፤ በሽተኛው በሆዱ ተኝቶ ምስል ሲነሳ አየሩ ቦታ ከቀየረ ኒውማቶሲስ አይደለም። በኮሎኖስኮፒ ደግሞ የጋዝ ከረጢቶቹ ፖሊፕ (ከአንጀት ሽፋን የሚወጣ ሥጋ) ይመስላሉ፤ ናሙና ሲወሰድባቸው ግን ተንፍሰው ይሟሽሻሉ።

ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ላይ ይህ ሁሉ ማረጋጊያ አይሠራም። እዚያ ኒውማቶሲስ ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይተስን (የሕፃኑ አንጀት ተቆጥቶ ሕብረ ሕዋሱ የሚሞትበትን በሽታ) ይጠቁማል፤ ምግብ ወዲያው ይቆማል፣ ጨጓራው ውስጥ ያለው አየርና ፈሳሽ በቱቦ ይወጣል፣ አንቲባዮቲክ ይጀመራል።