የመሀል አዲስ አበባ የኮሌጅ ስፖርት ቡድኖችና የገንዘብ ችግራቸው

ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ፣ ወረድ ብሎም እስከ ሜክሲኮ፣ መሀል አዲስ አበባ በኮሌጆች የተሞላ ነው። እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ ወይም አትሌቲክስ የሚወድ ተማሪ ሞልቷል። የቸገረው ገንዘብ ነው።

የመንግሥት ተቋማት ቡድኖች ዋና ተስፋ በጀት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ቡድን የሚመረጠው ግን ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ የግዢ ጥያቄ ይጻፋል፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ፊርማ ይጠበቃል። ማሊያው ሲደርስ ውድድሩ ያለፈበት ጊዜ አለ። እንደኔ እምነት ቡድኖቹን ከገንዘቡ ማነስ ባልተናነሰ የሚጎዳቸው ይህ የጊዜ አለመገጣጠም ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ራስ ገዝ ሆኗል። ራስ ገዝ ተቋም ደግሞ የራሱን ገቢ እንዲያሳድግ ይጠበቅበታል። የተማሪ ስፖርት ወጪ እንጂ ገቢ ስለሌለው በዚህ ስሌት ተከራካሪ ያስፈልገዋል።

ብዙ የግል ኮሌጆች ያሉት በኪራይ ፎቅ ላይ ነው፤ ሜዳ የላቸውም። በሰዓት የሚከራይ ሜዳ ይፈልጋሉ፣ አለዚያ ክፍት ቦታ። ለስድስት ኪሎ ቅርብ የሆነው ጃን ሜዳ የብዙ ስፖርተኞች መጠጊያ ነው። እሱም ቢሆን በ2012 በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ሲዛወርበት መጫወቻነቱ ቀርቶ ነበር።

ኳስና ታኬታ በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገቡት። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ብር ብዙ አቅሙን አጥቷል። ተማሪዎቹ የሚያዋጡት ያው ገንዘብ ዛሬ የሚገዛው ያነሰ ነው።

ስፖንሰር ማግኘትም ቀላል አይደለም። ትልልቅ ድርጅቶች የራሳቸው ክለብ አላቸው፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ማየት ይበቃል። ለተማሪዎቹ የሚቀሩት በግቢው ዙሪያ ያሉ ካፌዎችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ናቸው። አምበሉ ማህተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ ይዞ በር በር ያንኳኳል። «ባለቤቱ የለም፣ ነገ ተመለሱ» ይባላል። የሚሰጥ ሲገኝ ስሙ ማሊያው ላይ ይታተማል። ማሊያው ጨዋታው እንዳለቀ ተቆጥሮ ይሰበሰባል፤ ሌላ ቡድን ይጠብቀዋል። የሴቶች ቡድን ብዙ ጊዜ የሚለብሰው ለወንዶች የተገዛውን ነው፣ እጅጌው ክርን ያልፋል።

ከሁሉም የሚከብደው የጉዳት ወጪ ነው። ለትራንስፖርትና ለዳኛ አዋጥቶ መክፈል ይቻላል። ጉልበቱ የተጎዳ ተጫዋች ግን ራጅ ያስፈልገዋል፣ ሐኪም ያስፈልገዋል፣ ለሳምንታት ፊዚዮቴራፒም ያስፈልገዋል። ኢንሹራንስ የሌለው ቡድን ይህን የሚሸፍንበት ገንዘብ የለውም፤ ወጪው ለተማሪው ቤተሰብ ይተርፋል።