ኖታ ምንድን ነው? ተሰልፎ ሄዶ «ማንንም አልመርጥም» ማለት

ኖታ የሚባለው በምርጫ ወረቀቱ ወይም በማሽኑ ላይ ከእጩዎቹ ስም ሁሉ በታች የሚቀመጥ አንድ ተጨማሪ ምርጫ ነው፣ እዛ ላይ ስትጫን «ከነዚህ ውስጥ የምፈልገው የለም» አልክ ማለት ነው። በዚህ ስም በደንብ የሚታወቀው ህንድ ውስጥ ነው። ቤት ከመቅረት ይለያል፣ ምክንያቱም ቤት የቀረውን ሰው ተናዶ ይሁን ታሞ ይሁን ማንም አያውቅለትም፣ ወረቀቱን ሆን ብሎ ያበላሸውም አሞላሉ ከጠፋበት ሰው ጋር ተደባልቆ ዋጋ አልባ ድምፅ ተብሎ ይታለፋል። ኖታ ግን ለብቻው ተቆጥሮ ከእጩዎቹ ጎን በቁጥር ይወጣል።

ህንዶቹ ጋር እንዴት እንደመጣ ማወቁ ጥሩ ነው (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ድሮም ቢሆን ማንንም አልመርጥም ማለት ይቻል ነበር፣ ግን ለጣቢያው ኃላፊ ነግረህ፣ መዝገብ ላይ ተጽፎብህ፣ ፈርመህ ነው፣ እዛው ደሞ የፓርቲ ታዛቢዎች ቁጭ ብለው ያዩሃል። በትንሽ መንደር ውስጥ ይሄን የሚደፍር ስንት ሰው ይኖራል? አንድ የሲቪል መብት ድርጅት 2004 ላይ ክስ አቀረበና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መስከረም 27 ቀን 2013 ወሰነ፣ የድምፅ ሚስጥራዊነት ለመረጠ ብቻ ሳይሆን ማንንም ላልፈለገም ይሠራል አለ። በዛው ዓመት ዴሊና ራጃስታንን ጨምሮ በአምስት ክልሎች ምርጫ ተጀመረ፣ በ2014ቱ አገር አቀፍ ምርጫ ደሞ 6 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተጠቀመበት፣ ከጠቅላላው 1 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል።

ችግሩ ግን ህንድ ውስጥ ኖታ አንደኛ ቢወጣም ከሱ ቀጥሎ ያለው እጩ ነው ፓርላማ የሚገባው። 2024 ላይ ኢንዶር በምትባል ከተማ የኮንግረስ ፓርቲ እጩ በመጨረሻ ሰዓት ራሱን አግልሎ ወደ ገዢው ፓርቲ ዞረ፣ ኮንግረስም ደጋፊዎቹን ኖታን ተጫኑ አላቸው፣ ከ218 ሺህ በላይ ሰው ተጫነ፣ ኖታ ሁለተኛ ወጣ። አሸናፊው ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ስላገኘ እዛ ላይ ለውጥ አያመጣም ነበር፣ ግን ቁጥሩ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮም ያው ሰውዬ ነበር የሚገባው! እኔ በበኩሌ ይሄን ጥርስ የሌለው አንበሳ ነው የምለው፣ ሰው ንዴቱን ይቆጥሩለታል እንጂ የሚከተል ነገር የለም።

ጥርስ ያለውን ማየት ከፈለጋችሁ ኮሎምቢያ ናት። እዛ ባዶ ድምፅ የሚባል አለ፣ ከግማሽ በላይ ካገኘ ምርጫው ይደገማል፣ የተሸነፉት እጩዎችም ተመልሰው መቅረብ አይችሉም። 2011 ላይ ቤዮ በምትባል ከተማ ለከንቲባነት አንድ እጩ ብቻ ቀረ፣ ህዝቡ ለባዶው ቀስቅሶ 57 በመቶ ገደማ ሰጠው፣ በኋላም ምርጫው በሌሎች እጩዎች ተደገመ። ኢንዶኔዥያም አንድ እጩ ብቻ ሲቀርብ ከባዶ ሳጥን ጋር ያወዳድሩታል፣ ማካሳር ከተማ 2018 ላይ ብዙ ፓርቲዎች የደገፉት እጩ በባዶ ሳጥን ተሸንፏል።

አሜሪካ ውስጥ ኔቫዳ ግዛት ይሄ ነገር ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ፣ ላስ ቬጋስ ሆናችሁ ዜግነት የወሰዳችሁ ወረቀቱ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ግን ለፕሬዝዳንትና በመላው ግዛት ለሚመረጡ ቦታዎች ብቻ ነው። የካቲት 2024 ላይ በሪፐብሊካን ፕራይመሪ (ፓርቲው ለፕሬዝዳንትነት የሚያቀርበውን እጩ በሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ) ኒኪ ሄሊ 30 በመቶ ገደማ ስታገኝ «ከነዚህ ማንም» 63 በመቶ አገኘ፣ ትራምፕ ስሙ እዛ ወረቀት ላይ አልነበረም። እዛም ቢሆን በህጉ አሸናፊ የሚባለው ስም ያለው እጩ ነው።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ነገር ቀላል አይደለም፣ ድምፅ ይከፋፍላል ነው። ዩክሬን 2010 ላይ በፕሬዝዳንት ምርጫ ሁለተኛ ዙር ያኑኮቪች ቲሞሼንኮን በ3.5 በመቶ ገደማ አሸነፈ፣ ሁለቱንም አልፈልግም ያለው ደሞ 4.4 በመቶ ገደማ ነበር፣ ከልዩነቱ ይበልጣል ማለት ነው፣ በኋላ ላይ ይሄን አማራጭ ከወረቀቱ አወጡት። ግን እነዛ ሰዎች ወረቀቱ ላይ ባይኖር ለቲሞሼንኮ ይሰጡ ነበር ያለው ማነው? ብዙዎቹ ጭራሽ ላይመጡ ይችላሉ፣ እኔ መጥተው ቢናገሩ እመርጣለሁ።

ህንድ ውስጥ ክርክሩ አላበቃም። ሃሪያና ክልል ለአካባቢ ምርጫ ከ2018 ጀምሮ ኖታ ካሸነፈ ይደገማል ብሏል። አገር አቀፉ ላይ ግን በዛው በ2024 ሱራት ከተማ የአንዱ እጩ ምዝገባ ውድቅ ሆኖ ሌሎቹም ለቀው አንድ ሰው ብቻ ሲቀር፣ ምርጫው ሳይካሄድ ያለ ተወዳዳሪ አሸናፊ ተባለ፣ ኖታን መጫን የፈለገ የሱራት ሰው ማሽኑን እንኳን አላገኘም።