ላሊበላ ሲባል የትኛው?

ወሎ ውስጥ «ላሊበላ» የሚለውን ስም የሚለየው አጠገቡ ያለው ቃል ነው። «ቅዱስ» ወይም «ንጉሥ» ከቀደመው የዛጉዌው ንጉሥ ነው፤ በዓሉም ሰኔ 12 ይውላል። «ላሊበላ ሄደ» ከተባለ ከተማው ነው፤ ጥንት ሮሃ ይባል ነበር። «የላሊበላ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ መቀጣጠር ግን ያጠፋፋል፤ ከዓለት የተፈለፈሉት 11 ናቸውና ቤተ ማርያም ወይም ቤተ ጊዮርጊስ ብሎ ለይቶ መጥራት ይገባል።

ይበልጥ የሚያደናግረው «ላሊበላ መጣ» ሲባል ነው። ይህ ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እያዜመ የሚለምን፣ ሲሰጡትም የሚመርቅ ሰው ነው፤ ሲበዙ «ላሊበሎች» ይባላሉ። ማዜም ከተዉ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚባለው እምነት ነው። በሽታው የሚመጣው በባክቴሪያ ነው፤ በመድኃኒትም ይድናል። በዚህ ሰበብ እነሱን መሸሽ ነውር ነው።