ኤግዚት ኮድ ምንድን ነው?

ሰርቨር ላይ ኮማንድ ጽፋችሁ ኢንተር ትመታላችሁ። ምንም አይልም። ሠርቶ ነው ወይስ ከሽፎ? ስክሪኑ ላይ ማፍጠጥ መልስ አይሰጥም። መልሱ ያለው ፕሮግራሙ ሲወጣ ለሼሉ (ኮማንዳችሁን ተቀብሎ ለሚያስኬደው ፕሮግራም) ጥሎት የሚሄደው ቁጥር ላይ ነው። ኤግዚት ኮድ የሚባለው እሱ ነው።

ሊኑክስ ላይ ማንኛውም ፕሮግራም ሲወጣ ሼሉ ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ይይዝለታል። 0 ከሆነ ተሳክቷል። ሌላው ሁሉ «የሆነ ነገር አለ» ማለት ነው። ለምን ስኬት ዜሮ ሆነ? መሳካት አንድ መንገድ ይበቃዋል፤ የሚከሽፍበት መንገድ ግን ብዙ ነው። ቁጥር የሚያስፈልገው ለክሽፈቱ ነው።

ለማየት ኤኮ ብሎ «$?» መጻፍ ይበቃል። ግን ወዲያው ይሁን። መሃል ላይ ፋይል የሚዘረዝረውን ኤልኤስ እንኳ ብትሉ የምታዩት የኤልኤስን ቁጥር ነው። ኤኮውን ራሱን ሁለቴ ብትጽፉት ሁለተኛው ላይ 0 ይመጣል፤ የመጀመሪያው ኤኮ ተሳክቷላ!

ጥቂቶቹን በቃል መያዝ ጊዜ ይቆጥባል። 127 ሼሉ ኮማንዱን አላገኘውም ማለት ነው። በእጅ ሲጻፍ የሚሠራ ስክሪፕት በክሮን (ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት በሚያስጀምረው ፕሮግራም) ሲሄድ 127 ካመጣ ፕሮግራሙን እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ። ክሮን ኮማንድ የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ከእናንተ ሼል ያነሱ ስለሆኑ ይሆናል። ሙሉ አድራሻውን ጻፉለትና እዩት። 126 ደግሞ ፋይሉ አለ፣ ማስኬድ ግን አልተቻለም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የፈቃድ ጉዳይ ነው።

ቁጥሩ ከ128 በላይ ሲሆን 128 ቀንሱለት። የሚቀረው ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን የገደለው ሲግናል (ለፕሮግራም የሚላክ ምልክት) ቁጥር ነው። 130 ከሆነ 2 ይቀራል፤ ኮንትሮል ሲ ተጭናችኋል። 139 ከሆነ 11 ነው፤ ፕሮግራሙ የማይፈቀድለትን ሜሞሪ ነክቷል። ሰርቨር ላይ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ግን 137ን ነው። 9 ይቀራል፣ በግድ ተገድሏል ማለት ነው። ማንም ሰው ካልገደለው ራም አልቆ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ራሱ ገድሎት ይሆናል። ዲሜሴጅ ብላችሁ የከርነሉን መልእክት ብታዩ የሟቹ ስም ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ከዚህ ውጪ ያለው እንደየፕሮግራሙ ነው። ቃል ፈላጊው ግሬፕ 1 ሲመልስ ስህተት የለም፤ የፈለጋችሁት ቃል ጠፍቶ ነው። እውነተኛው ስህተት 2 ነው። ድረ ገጽ የሚያመጣው ከርል ደግሞ ገጹ 404 (አልተገኘም) ቢልም 0 ይመልሳል፤ እሱ እንደሆነ የተላከለትን በሰላም አምጥቷል። እንዲከሽፍ ከፈለጋችሁ የኤፍ (-f) አማራጩን ጨምሩ፣ ያኔ 22 ይላል። ማኑዋሉን ሳያዩ መገመት ዋጋ ያስከፍላል።

ዋናው ጉድ ያለው ፓይፕ ላይ፣ ማለትም የአንዱ ኮማንድ ውጤት ለቀጣዩ ሲቀበል ነው። የዳታቤዝ ባክአፕ ስትወስዱ ዳታውን የሚገለብጠውን የማይኤስኪውኤል ዳምፕን ወደ መጭመቂያው ጂዚፕ ታፈሱታላችሁ እንበል። የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ዳምፑ ገና ከመነሻው ይከሽፋል። ጂዚፕ ግን ባዶውን ተቀብሎ በሚገባ ይጨምቀዋል። ሼሉ ካልተነገረው በቀር የሚይዘው የመጨረሻውን ቁጥር ነው። ስለዚህ 0! ፋይሉም አለ፣ ስሙም ቀኑም ትክክል ነው። መጠኑን ስታዩ 20 ባይት ነው። ባሽ ላይ ፓይፕፌይል የሚባለውን ቅንብር ብታበሩ ከመሃል አንዱ ሲከሽፍ ጠቅላላው እንደከሸፈ ይቆጠራል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ መጨረሻው ላይ የመጀመሪያ መስመሮችን ብቻ የሚያሳየው ሄድ ካለ ሄድ የሚበቃውን አንብቦ ቀድሞ ይወጣል፣ ይልክለት የነበረው ፕሮግራም በዚህ ተቆርጦ 141 ሊያመጣ ይችላል። 128 ሲቀነስ 13፣ የተሰበረ ፓይፕ። ችግር አይደለም።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሰሚ ሲያጣስ? ጥር 2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ጊትላብ (የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት) ውስጥ አንድ ኢንጂነር የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር በስህተት አጠፋ። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ባዶ ነው። ዳታቤዙ ፖስትግረስ 9.6 ነበር፣ የባክአፕ ኮማንዱ ግን በ9.2ቱ ስሪት ይሄድ ስለነበር ሁልጊዜ በስህተት ይቆም ነበር። ክሮን ይህንኑ በኢሜይል ይልክ ነበር። ዲማርክ የሚባለው የኢሜይል ላኪ ማረጋገጫ ግን ለእነዚህ ኢሜይሎች ስላልበራ ተቀባዩ ሰርቨር ይመልሳቸው ነበር። ያዳናቸው 6 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ የተወሰደ የዲስክ ቅጂ ነው። በመሃል የገባው ዳታ ጠፍቷል።

የራሳችሁን ስክሪፕት ስትጽፉ ስህተት ሲገጥመው ኤግዚት 1 ብሎ እንዲወጣ አድርጉት። አንዳንዱ ሰው ያገኘውን ስህተት ቆጥሮ ብዛቱን እንደ ኤግዚት ኮድ ይመልሳል። እስከ 255 ድረስ ይሠራል። 256 ስህተት ሲሆን ቁጥሩ ዞሮ 0 ይሆናል።